አልለቅ ያለው የኦይቫ እጅ

«እሺ፣ ገባኝ፣ ገባኝ! የጀልባውን ሞተርም እጨምርልሃለሁ!» አለ ሬይዮ።

ኦይቫ መልስ አልሰጠም። የሬይዮን ቀኝ እጅ በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ እንደ ቆመ ነው። በአዳኞች ማኅበር ጎጆ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ትቶ ዞረ።

«ሞተሩ እኮ አዲስ ነው ማለት ይቻላል» አለ ሬይዮ፣ እጁን ቀስ አድርጎ ለመሳብ እየሞከረ። እጁ ንቅንቅ አላለም። «ኧረ አሁንስ አበዛኸው፣ ሰውዬ! እንዲህ ያለ ጨካኝ ነጋዴ መሆንህን መች አወቅሁ! በል ተጎታች ጋሪውንም ውሰድ። ከዚህ በላይ ሚስቴን ካልሆነ የምጨምረው የለኝም።»

«ሚስትህን ይዞ ምን ያደርጋታል? አንተንም መከራህን ነው የምታሳይህ» አለች ሒልካ ከምድጃው አጠገብ።

ሒልካ የማኅበሩ ምግብ አብሳይ ናት። ከዚያም በላይ በኩሲላምፒ መንደር የታወቀች እጅ ቆራጭ ናት። ሌላ ነገር እንዳይመስል፤ በኛ መንደር ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ተስማምተው ሲጨባበጡ ሦስተኛ ሰው ይመጣና በመዳፉ ጠርዝ የተያያዙትን እጆች መሃል ለመሃል ይመታቸዋል። አለቀ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ከተቆረጠ በኋላ «ተሳስቼ ነው» ያለ ሰው ግን የሚያጠምድበት ሐይቅና አብሮት የሚያድን ሰው ያጣል። የተቆረጠውን ውል የሚፈታው ያው የቆረጠው እጅ፣ በሌላ ውል ሲቆርጠው ብቻ ነው።

ሒልካ መዳፏን በሽርጧ ጠራረገችና መጣች። «ሃላ ለሬይዮ። የሞተር መጋዝ፣ የጀልባ ሞተርና ተጎታች ለኦይቫ። የሚቃወም አለ?»

የሚቃወም ነበረ። ኦይቫ ራሱ። ሃላ ማለት ውሻው ናት፤ ለመሸጥ ቀርቶ ለሰው ለማዋስም አስቦ አያውቅም። ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጦ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲነሳ ነው ሬይዮ «ሃላን ስጠኝና መጋዜን ውሰድ» ብሎ እጁን የዘረጋለት። ኦይቫም እጁን የጨበጠው «ውሻዬ አትሸጥም፣ ደህና ዋል» ሊለው ነበር። እጁ ቀደመና ተጨበጠ። ተጨበጠና ቀረ። ምላሱም የዚያው ቤት ልጅ ናት፤ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ ድንገት «ነይ፣ ሥሪ» ሲሏት ላንቃ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች።

በኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው ተስማማ ነው የሚባለው። ሒልካ መታች። እጆቹ አልተላቀቁም። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደግማ፣ አሁን እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ከላይ አምጥታ መታች።

ያን ጊዜ የኦይቫ ጣቶች፣ ከትንሿ ጀምረው፣ አንድ በአንድ እየተላቀቁ ተፈቱ።

ሬይዮ እጁን ብብቱ ሥር ከቶ እያሸ፣ «እሁድ ከምሳ በኋላ መጥቼ እወስዳታለሁ» አለ። ተሸንፎም ደስ ብሎታል። እንደ ሃላ ያለ የአጋዘን ውሻ በወንዙ ዳር ሁሉ የለም። «አቤት! እንዲህ ነው ድርድር! አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጋሪ ጨመረብኝ እኮ!»

«የኩርቲ ቤት ሰው ምን ይወጣለታል» አሉ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ኦይቫ ምላሱ ስትፈታለት ወደ ቤቱ ከሚወስደው መንገድ ግማሹ ላይ ደርሶ ነበር። «አትሸጥም» አለ ጮክ ብሎ። የሰሙት የጥድ ዛፎቹና ራሷ ሃላ ብቻ ናቸው።

ስለ ኩርቲ ቤት ሰዎች በመንደሩ የሚወራው ይኸው ነው። የኦይቫ አያት ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉባኤው ሁሉ ሲነሳ እሳቸው ትንሽ ቆይተው፣ አስበውበት ይነሱ ነበር። አባቱም እንዲሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ ብድግ አይልም፣ መጀመሪያ መርምሮ ነው። የጨበጠውን ሰው በቀላሉ አይለቅም፤ ዓይን ዓይኑን እያየ ያቆየዋል። «ሰው የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው» ይባል ነበር። በዚህ ዝናቸው አያትየው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አባትየው የዓሣ አስጋሪዎች አለቃ ሆኑ። ሁለቱም ሲሞቱ በመቃብራቸው ላይ ስለ እርጋታቸው ብዙ ተባለ።

ኦይቫ ደግሞ ከሁለቱም በለጠ። እሱ ድብ አለው።

የድቡን ታሪክ ኩሲላምፒ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ የመከር ወራት፣ ከረግረጉ ማዶ ኦይቫና ሬይዮ ለብቻቸው ሲሄዱ፣ ከጥዶቹ መሃል ድብ ብቅ አለ። ሬይዮ ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ። ዛፍ ላይ ወጥቶ ዘወር ሲል ኦይቫ እዚያው ቆሟል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የለም። ድቡ አየው፤ ኦይቫ አየው። ድቡ አሸተተ፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሥራ እንዳለው ሰው ዘወር ብሎ ሄደ። ታሪኩን ያወራው ራሱ ሬይዮ ነው። ዛፍ ላይ ሆኖ ስላየው ከሱ የተሻለ ምስክር አልነበረም። በዚያው ሰሞን ማኅበሩ ኦይቫን የአደኑ መሪ አድርጎ መረጠው፤ ሬይዮን ደግሞ በየዓመቱ፣ ወቅቱ ሲከፈት፣ «ዘንድሮስ የትኛውን ዛፍ መረጥክ?» እያለ ይጠይቀዋል።

እውነቱን የሚያውቅ ኦይቫ ብቻ ነው። ያን ቀን መሮጥ በነፍሱም በሥጋውም ፈልጎ ነበር። ድንጋጤው መጣና እግሮቹ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እንደ አጥር እንጨት ደረቁ። እንኳን ሊሮጥ፣ ዓይኑንም ለመጨፈን ተቸግሮ ነበር። ድቡን ዓይን ዓይኑን ያየው ለዚህ ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። የተኮማተረ ጡንቻው ቶሎ አይፈታም። ደጋግሞ ካንቀሳቀሰው ይለቅለታል፤ ካረፈ ደግሞ ተመልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ኑሮውን በዘዴ አደረገው። ሲነሳ ሰው እንዳያየው ስብሰባ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ በኋላ ይወጣል። ሰው ሊጨብጥ ሲል አስቀድሞ እጁን ኪሱ ውስጥ ይጨብጣል ይዘረጋል፣ ይጨብጣል ይዘረጋል። በዚያች ዕለት ጎጆ ውስጥ ግን ሬይዮ ድንገት ቀደመው።

ሚስት አላገባም። መንደሩ «መራጭ ስለሆነ ነው» ይላል። ወጣት ሳለ በበጋው ጭፈራ ላይ ሒልካ ራሷ መጥታ «ትደንሳለህ?» ብላው ነበር። እሱም ደስ እያለው ለመነሳት ሞከረ። እግሩ ሲፈታ ሙዚቃው አልቆ፣ ሒልካ ከሌላ ሰው ጋር ሎሚ ውኃ እየጠጣች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሒልካ ሾርባ ስትቀዳለት ዓሣውን ሳይሆን ድንቹን ነው የምታበዛለት።

ሃላ ግን ታውቃለች። ስልክ ጮሆ ደንግጦ ሲነሳ አንዳንዴ ደፍ ላይ እንደ ግንድ ይወድቃል። ሃላ ያን ጊዜ አትጮህም፣ አትልሰውም። መጥታ አጠገቡ ትተኛለች፣ አፍንጫዋን እጆቿ መሃል ታደርጋለች፣ እሱ እስኪፈታ ትጠብቃለች። ሲነሳ ትነሳለች። «ምን ሆንክ?» የማይል ወዳጅ ከሰው ወገን አላገኘም።

ቅዳሜ ኡልፑ መጣች። ኡልፑ የወንድሙ ልጅ ናት፤ በደቡብ ባለ ትልቅ ከተማ በዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነች። የምትመረምረውም ይህንኑ የቤተሰቡን ገመና ነው። እሷም አለባት፣ ግን ቀለል ይላል፤ የማርመላታ ጠርሙስ ክዳን ስትከፍት ብቻ ነው እጇ የሚይዛት። ኦይቫ የሆነውን ነገር ሲነግራት ጥቁሩን ዳቦ በቅቤ እየቀባች ሰማችው። ሬይዮ ጋሪውን ከጨመረበት ላይ ሲደርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ መሳቅ እንደሌለብኝ አውቃለሁ።»

«ታዲያ አትሳቂያ።»

«እሺ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «ንገረዋ! በሽታ ነው በለው። የጡንቻዬ በር አይከፈትም በለው» አለችው።

«የምን በር?»

«ስንቴ ነገርኩህ።»

«ስንቴም ብትነግሪኝ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ነው የምትነግሪኝ።»

ኡልፑ በመስኮት ወደ ጓሮ ተመለከተች። ከማገዶው ክምር አጠገብ አያቷ የሠሩት አሮጌ የእንጨት መጸዳጃ ቤት ቆሟል። በድሮው ወግ የተሠራ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ አየሩ ሁኔታ የሚያወራበት፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ።

«በል ስማ» አለች። «ጡንቻህ በጣም ብዙ ሕዋሶች ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ ደግሞ ትንንሽ መተላለፊያዎች አሉ። ሾርባህ ላይ የምትነሰንሰው ጨው ግማሹ ክሎራይድ ነው፤ በነሱ የሚያልፈው እሱ ነው። ጡንቻህን ጨብጥ ስትለው ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል፣ ይኮማተራል። ሥራው ሲያልቅ ክሎራይድ ይገባና በቃህ፣ ተረጋጋ ይለዋል። መግቢያው ካልተከፈተስ? የሚያረጋጋው የለም። አንተ መጨበጡን ትተኸዋል፤ እሱ ግን ለራሱ ጨብጥ፣ ጨብጥ እያለ ይቀጥላል።»

«እንደ ሬይዮ» አለ ኦይቫ።

«እንደ ሬይዮ። አሁን ያንን መጸዳጃ ቤት እይ። ሁለት ቀዳዳ አለው አይደል? እያንዳንዱ የየራሱ ክዳን አለው። አንዱ ሲከፈት አንዱ ሊዘጋ ይችላል፤ አይፈላለጉም። የኛም መተላለፊያ ልክ እንዲሁ ነው፣ መንታ ነው። ነገር ግን ለሁለቱም አንድ የጋራ በር አለ። እሱ ከተዘጋ የክዳኖቹ መከፈት ለማን ይጠቅማል?»

«ውጭ ቆሞ ለሚጠብቅ አይጠቅምም።»

«አየህ ገባህ። የመንታው አንዱ ወገን የሚሠራው ከእናት በመጣ ንድፍ፣ ሌላው ከአባት በመጣ ንድፍ ነው። የአያቴ ንድፍ ላይ ማጠፊያው ትንሽ ተጣሟል። አንዱ ወገን ከተጣመመ ደግሞ የጋራው በር ደህናውንም ወገን ይዞት ይቀራል። መቼም አይከፈትም ማለት አይደለም። ደህናው ሰው ዘንድ በሚከፈትበት ጊዜ እኛ ዘንድ ዝግ ነው።»

ኦይቫ አሰበበት። «ማጠፊያውን ዘይት መቀባት ነዋ።»

«ስንት ሰው ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር በአንድ ጠርሙስ ዘይት ጨረስከው።»

«ደጋግሜ ሳንቀሳቅሰው ግን ይለቃል። እሱስ ለምንድን ነው?»

«እሱን ገና በደንብ አናውቀውም።»

«ታዲያ ደመወዝ የሚከፍሉሽ ለምኑ ነው?»

«ላላወቅነው ነዋ፣ አጎቴ። ካወቅን በኋላ ያባርሩናል።»

ኦይቫ ሳቀ። ሃላ ምድጃው ሥር ተኝታ በሕልሟ እግሯን ታወራጫለች፤ እሷ እንኳ በሕልሟ መሮጥ ትችላለች።

«ሬይዮን ምን ልበለው?» አለ በመጨረሻ። «ሽንት ቤቴ አልከፈት ብሎኝ ነው ልበለው?»

«እውነቱን ንገረው።»

«እውነቱን ከነገርኩት እጄ ላይ ያቆማል ብለሽ ነው? እጅህ ካልተፈታ እግርህስ ይለኛል። ከእግሬ ድቡ ጋ ይደርሳል። ከድቡ አባቴ ጋ፣ ከአባቴ አያቴ ጋ። ከመቃብር ጎትቶ እርጋታቸውን ይገፍፋቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ጎጆ ስገባ ሰው ሁሉ ብድግ ብድግ እያለ፣ ኦይቫ እንዲህ ነው የሚነሳው፣ ተመልከት ይለኛል።»

ኡልፑ ሳህኖቹን አነሳሳች። ጀርባዋን ሰጥታው፣ «እንግዲያው ምረጥ» አለች። «ወይ ድቡ፣ ወይ ሃላ።»

ሃላ ስሟን ስትሰማ አንድ ጆሮዋን አነሳች።

እሁድ ጠዋት ኡልፑ በአውቶቡስ ተመለሰች። ኦይቫ ሌሊቱን መርጦ አድሯል። ለሬይዮ ይነግረዋል፤ አለቀ። ልቡ እንዲረጋለት ብሎ መጥረቢያውን አነሳና ማገዶ ይፈልጥ ጀመር። ፈለጠ፣ ከመረ፣ ደግሞ ፈለጠ። ውርጭ ቢሆንም ሸሚዙ ጀርባው ላይ ረጠበ። የሬይዮ መኪና ሲመጣ ግቢው ውስጥ ለሁለት ክረምት የሚበቃ ፍልጥ ነበር።

ሬይዮ መጋዙን፣ ሞተሩንና ተጎታቹን በክብር አወረደ። በእጁ አዲስ የውሻ ማሰሪያ ይዟል።

«ቆይ» አለ ኦይቫ። «መጀመሪያ የምነግርህ አለ።»

ነገረው። በሥራ የሞቀች ምላሱ እንደዚያን ቀን ተፈታታ አታውቅም። ስለ እጁ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ጋራው በር ነገረው፤ በጣቱም መጸዳጃ ቤቱን አሳየው። ስለ ድቡ ግን ለጊዜው አላነሳም። ሬይዮ አፉን ከፍቶ ሰማ። ሲያበቃ ጉልበቱን በመዳፉ መታና እስኪያስለው ሳቀ።

«ኧረ አንተ ሰው! ሌላ ነገር እንድጨምር ፈልገህ ነዋ! በቃ፣ ውል ከተቆረጠ በኋላም ትደራደራለህ? መጸዳጃ ቤት ድረስ?»

«እውነቴን ነው፣ ሬይዮ። እጄ አይፈታም።»

«እስቲ አሳየኝ!» ሬይዮ እጁን ዘረጋ።

ኦይቫ ጨበጠው፣ አጥብቆ። ከዚያ ለቀቀው። እጁ እንደ ሕፃን እጅ ላላ ብሎ ተፈታ። ደግሞ ጨበጠ፤ ደግሞ ተፈታ። ኦይቫ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አገላብጦ አየው። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ እንዲታዘዝለት የለመነው እጅ፣ መታዘዝ የማያስፈልግበትን አንዲት ቀን ጠብቆ ታዘዘ።

«ማገዶው ነው» አለ በንዴት። «ማገዶ ስፈልጥ ሞቆ ነው።»

«ማገዶው ነው» አለ ሬይዮ በፌዝ፣ ማሰሪያውን እያዘጋጀ። «ነይ እስቲ ሃላ።»

ሃላ አልሄደችም። መጥታ ኦይቫ እግር ሥር ተቀመጠችና፣ ወድቆ ስታገኘው እንደምታደርገው፣ መጠበቅ ጀመረች።

«ማረፍ አለብኝ» አለ ኦይቫ። «ትንሽ እንቀመጥ። ካረፍኩ ይይዘኛል። ካልያዘኝ ያለ ምንም ነገር ውሰዳት፤ መጋዝህንም፣ ሞተርህንም፣ ጋሪህንም ይዘህ ሂድ።»

ሬይዮ የማይከስርበትን ነገር ሲያይ ያውቃል። ተቀመጠ። ሁለቱ ሰዎች በማገዶው ቤት ግድግዳ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የኦይቫ ጤና እስኪታወክ በትዕግሥት ጠበቁ። የሚያወሩት አልነበረም። ሐይቁ ዳር ዳሩን መርጋት ጀምሯል። አንዴ ሬይዮ «በረዶው ዘንድሮ ቶሎ ይመጣል» አለ። ኦይቫ «ይመጣል» አለ። ከዚያ በቂ ስለተነጋገሩ ዝም አሉ።

ላቡ ደርቆ ብርዱ ጣቶቹ ውስጥ ሲገባ፣ ኦይቫ «አሁን» አለ።

ተጨባበጡ።

«በል ልቀቅ» አለ ሬይዮ።

«ለቅቄያለሁ።»

«አልለቀቅክም እኮ።»

«እኔ ለቅቄያለሁ። እጄ ነው ያልለቀቀው።»

ሬይዮ ሳበ። ሁለት እግሩን መሬት ተክሎ ሳበ። ኦይቫ ከነአግዳሚው ተንሸራተተ እንጂ እጁ አልተፈታም። ሬይዮ መሳቡን ትቶ ጎንበስ አለና ጣቶቹን በቅርበት አየ። እውነትም ከቆዳው ሥር ጡንቻው ጓል አፈር መስሏል። ከዚያ፣ በራሳቸው ጊዜ፣ ከትንሿ ጀምሮ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ።

«ኧረ በፈጠረህ» አለ ሬይዮ በቀስታ።

ኦይቫ የሚመጣውን ያውቃል። የሬይዮ ግንባር ሲሸበሸብ፣ ዓይኑ ከእጁ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ጫማው ሲወርድ አየው።

«ስማ... እግርህስ?»

«እግሬም።»

«ስትደነግጥም?»

«ስደነግጥማ ይብሳል።»

ሬይዮ ከአግዳሚው ብድግ አለ፤ እሱ ብድግ ማለት ይችላል። «ድቡ!» ብሎ ጮኸ። «አልደፈርክም! ተገትረህ ነው! ተገትረህ ቀርተህ ነው! እኔ በዚያ ድብ የተነሳ ስንት ክረምት ጎጆ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሾርባ ጠጣሁ! ልጄ እንኳ፣ አባባ ዛፍ ላይ እንዴት ነው የሚወጣው ብሎ ይጠይቀኛል! ቆይ፣ ዛሬውኑ ጎጆ ሄጄ እነግራቸዋለሁ! ኦይቫ ጀግና አይደለም፣ መሮጥ የማይችል ሰው ነው እላቸዋለሁ! እኔ ሮጬ ሳመልጥ እሱ መንቀሳቀስ እንኳ...»

እዚህ ላይ ቆመ። አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

ኦይቫ ማገዶውን እያየ ጠበቀው። መጠበቅን ከሃላ ተምሯል።

«መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ትቼ ነው የሮጥኩት» አለ ሬይዮ። ድምፁ ወረደ።

«እንደዚያም ሊሉት ይችላሉ።»

«ያን ጊዜ አላወቅኩም እኮ።»

«አላወቅክም።»

«እስካሁን ጀግናውን ትቶ ሮጠ ነበር የሚሉኝ። ጀግና መቼስ ራሱን ይችላል። ከእንግዲህ ግን...» ቁጭ አለ። ማሰሪያውን ጭኑ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ ደግሞ ጠቀለለው። «ሚስቴ ስትሰማ!»

«ሚስትህ መከራህን ታሳይሃለች።»

ሃላ አንዴ አዛጋች። ኦይቫ ስለ አያቱ አሰበ። ሬይዮ ደግሞ ስለ ዛፉ ሳያስብ አልቀረም፤ ጥሩ ዛፍ ነበር።

«ኦይቫ» አለ በመጨረሻ፣ «ይህ ነገር ለማንም አይነገር። ስለ እጅህም፣ ስለ እግርህም። ድቡ እንደ በፊቱ ይቆይ። አንተ ቆምክ፣ እኔ ሮጥኩ፤ ለምጀዋለሁ።»

«ሃላስ?»

«ሃላ ያንተ ናት። አሁን ይዤያት ብሄድስ ምን ታደርግልኛለች? እኔ ስሮጥ ትስቅብኝ ይሆናል።»

ኦይቫ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማው። ምኑ እንደሆነ ኡልፑ ታውቅ ይሆናል። እጁን ዘረጋ፤ ሬይዮ ጨበጠው። ብዙ ያረፈ እጅ ነበርና ወዲያው ያዘ። ሁለቱም ወደ ታች አዩ።

«የሚቆርጠን ሰው ያስፈልገናል» አለ ኦይቫ። «እሷ የቆረጠችውን እሷው ካልፈታችው አይሆንም።»

«ሒልካ? ሒልካ ከሰማች እኮ ከእራት በፊት ቄሱ ጋ ደርሷል!»

የጠሩት ይመስል ከበሩ በኩል የብስክሌት ደወል ተሰማ። ሒልካ ናት፤ ከፊት ባለው ቅርጫት ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ድስት ይዛለች። ውሻው የሄደችበት ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ይሆናል፤ ድስቱ ውስጥ ከድንቹ ዓሣው ይበዛ ነበር፣ ይህንን ግን ኦይቫ ያወቀው በኋላ ነው። ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ ግቢውን ቃኘች። መጋዙ መሬት ላይ ነው፣ ሞተሩ መሬት ላይ ነው፣ ሃላ እዚያው ናት፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ሙሽሮች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«እናንተ ሰዎች ከሐሙስ ጀምሮ አልተላቀቃችሁም?» አለች።

«ውሉን እያፈረስነው ነው» አለ ሬይዮ በችኮላ። «ቁረጪልን። ሃላ ለኦይቫ ትመለሳለች።»

«ዕቃውስ?»

«እሱንም እኔው እወስደዋለሁ።»

ሒልካ መዳፏን አነሳች፤ ከዚያ አየር ላይ አቆመችው። «እንዲህማ አይሆንም። አንድ ወገን ብቻ የሚያተርፍበት ነገር አልቆርጥም፤ እናቴም አልቆረጠችም። ሃላ ለኦይቫ፣ ይሁን። ለሬይዮስ ምን ይደርሰዋል?»

ሬይዮ ኦይቫን አየው። ኦይቫ የተያያዙትን እጆች አየ። ምላሱ እንደ እጁ አልሆነችም፤ ሬይዮ ከመጣ ጀምሮ ስታወራ ስለቆየች አልተለጠፈችም።

«ድብ» አለ።

ሒልካ ግቢውን ደግማ ቃኘች። ከማገዶው ክምር ጀርባ ሳይቀር ተንጠራርታ አየች።

«የታለ?»

«እኔ ጋ ይቀመጥለታል» አለ ኦይቫ።